ፎርሙ ጳጉሜን አያውቅም

ወረታ የመንታ መንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀናው አስፋልት እዚህ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ ወልድያ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ በከተማዋ የሚያልፍ መንገደኛ ቀድሞ የሚሰማው የሩዝ መፈልፈያዎችን ድምፅ ነው። ገለባው በየጓሮው ይቆለላል፤ ጆንያ የሚጭን አይሱዙ የመንገዱን ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ባጃጆች በመካከል ይሾልካሉ። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል፤ ርብና ጉማራ ከምሥራቁ ደጋ እየጠረጉ ባመጡት ደለል የተነጠፈ፣ ወደ ጣና የተዘረጋ ለጥ ያለ ጥቁር አፈር ነው።

ይህ ሜዳ ዛሬ የኢትዮጵያ ሩዝ ዋና ምድር ነው። ሩዙ የተለመደው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነበር፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው የዚያ ዘመን ዝርያ ለአሥርተ ዓመታት ከገበሬው እጅ አልወጣም። ከዚያ በፊት የፎገራ ስም የሚነሳው በከብቱ ነበር። ክረምት ውኃ የሚተኛበትን ያንን መሬት ሩዝ ወደደው። በሰኔ ይዘራል፣ ሐምሌንና ነሐሴን ውኃ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል፣ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል። እሱ ሲነሳ በተረፈው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ወንዝ የቀረበው ደግሞ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርት ያለማል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም እዚሁ ፎገራ ነው።

ይህን ሁሉ ሥራ የሚመራው የቀን አቆጣጠር አንድ ነው። የዘር ሰሞን ሲነገር «ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ» ይባላል፤ አጨዳ «ለኅዳር ጽዮን» ይቀጠራል፤ ብድር «ከጥምቀት ወዲያ» ይመለሳል። በዚህ ሜዳ ላይ ጁን ወይም ኖቬምበር ብሎ ቀጠሮ የሚይዝ ገበሬ የለም።

ያው ገበሬ ግን ከኮምፒውተር ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ሲም ካርድ ያስመዘግባል፣ የፋይዳ መታወቂያ ያወጣል፣ ልጁን ኮሌጅ ያስገባል። በየከተማው እንዳለው ሁሉ በወረታም የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች የዚህ ግንኙነት በር ናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደች ተማሪ እንዲህ ካለ ቤት ገብታ የበይነ መረብ ፎርም ማስሞላት ጀመረች እንበል። የልደት ወር ከሚለው ሣጥን ውስጥ የተዘረዘሩት ወሮች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ጸሐፊው ወይ ነሐሴ 30 ይላል፣ ወይ መስከረም 1 ይላል፣ ወይም በስልኩ ወዳለው መቀየሪያ ዞሮ ያወጣለትን የፈረንጅ ቀን ይጽፋል። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ጸሐፊ ሌላውን ይመርጣል። ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት የልደት ቀን ይኖራታል፤ ሦስቱን ለማስታረቅ ደግሞ ቢሮ ለቢሮ የምትዞረው እሷው ናት።

ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፤ ፎርሙን የሠራው ልጅም ብቻውን ሊወቀስ አይገባም። መነሻው ከእሱም በታች ነው፤ የፕሮግራም ቋንቋዎች ከተፈጠሩ ጀምሮ ይዘውት በሚዞሩት የፋንክሽን ስብስብ ውስጥ።

ከቋንቋው ጋር የሚመጣው

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይሠራም። ቁጥር መደመር፣ ቃል መፈለግ፣ ስም በፊደል ተራ ማስቀመጥ፣ የዛሬን ቀን ማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ ቀድመው የተጻፉ ፋንክሽኖች ናቸው። ከቋንቋው ጋር አብረው የሚመጡት ዋናው ላይብረሪ ይባላሉ። ሌሎች ሰዎች ጽፈው በበይነ መረብ ያስቀመጧቸው ደግሞ አሉ፤ እነዚያን ፈላጊው እያወረደ ይጠቀማል። ልዩነቱ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፤ በዋናው ላይብረሪ ውስጥ ያለ ነገር ማንም ሳይጠይቅ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ይገኛል። ውጭ ያለው ግን የሚገኘው ፕሮግራመሩ መኖሩን ካወቀ፣ ከፈለገው፣ ማውረድ ከቻለና የጻፈው ሰው እየተከታተለ ካደሰው ብቻ ነው።

የበይነ መረብ ገጾችን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ብሬንዳን አይክ የተባለው መሐንዲስ ኔትስኬፕ ውስጥ የመጀመሪያውን ንድፍ በአሥር ቀን አጠናቀቀው። ጊዜ ስላልነበረ የቀን ፋንክሽኖቹ በወቅቱ አዲስ ከነበረው ጃቫ እንዳሉ ተገለበጡ። ጃቫ ራሱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አብዛኞቹን ፋንክሽኖች «ከእንግዲህ አትጠቀሙባቸው» ብሎ ተዋቸው፤ ጃቫስክሪፕት ግን ተሸክሟቸው ቀረ። በእነዚያ ፋንክሽኖች ወር የሚቆጠረው ከዜሮ ጀምሮ ነው፤ ጃንዋሪ 0 ነው፣ ዲሴምበር 11። አንድ ጊዜ የተፈጠረ ቀን ከጀርባ ሊቀየር ይችላል፣ ይህም ስህተትን ለማግኘት አስቸጋሪ ያደርገዋል። የሰዓት ክልል የሚያውቀው ሁለት ብቻ ነው፤ የዓለም አቀፉንና መሣሪያው ያለበትን። የሚያሰላው ደግሞ በግሪጎርያን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሌሎች አቆጣጠሮችን በኋላ የመጣ ሌላ ክፍል ለማሳየት ያህል ያውቃቸዋል፤ በመስከረምና በጳጉሜን መደመርና መቀነስ ግን አይቻልም።

ከሃያ ዓመት በላይ ዓለም በዚህ ሲሠራ ኖረ። ከዚያ ጃቫስክሪፕትን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ «ቴምፖራል» የተባለ አዲስ የቀንና የሰዓት ክፍል ለቋንቋው ዋና ላይብረሪ ማዘጋጀት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ንድፉ ለሙከራ ዝግጁ ነው ተብሎ ለብራውዘር ሠሪዎች ተሰጠ። ንድፉ ለጋስ ነበር። ከተዘጋጁት አቆጣጠሮች ሌላ ማንም ፕሮግራመር የራሱን አቆጣጠር ጽፎ ከቋንቋው ጋር እንዲያያይዝ በር ከፍቶ ነበር፤ የሰዓት ክልልንም እንዲሁ። ለእኛ ይህ የምሥራች ይመስል ነበር።

ብራውዘር ሠሪዎቹ ሥራውን ሲጀምሩ ግን ችግሩ ወጣ። ማንም የራሱን አቆጣጠር ማያያዝ ከቻለ ሁለት ቀኖችን የማነጻጸር ትንሽ ሥራ እንኳ በየእርምጃው ቆሞ «የሰውየው ኮድ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የሰውየው ኮድ ደግሞ ሊሳሳት፣ ሊዋሽ፣ በመካከል ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ፋንክሽኑ በዛ፣ ደንቡ ተወሳሰበ፣ የሚይዘው ቦታ ለትንንሽ መሣሪያዎች ከበደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮሚቴው ቆርጦ ለመጣል ወሰነ። በሰው የሚጻፉ አቆጣጠሮችና የሰዓት ክልሎች ወጡ፤ በሌላ መንገድ ሊሠሩ የሚችሉ ተደራራቢ ፋንክሽኖችም ብዙዎቹ ተነሱ። የቀሩት በስም የታወቁ አቆጣጠሮች ናቸው፤ ስሙን ትጠራለህ፣ ቋንቋው ራሱ ያሰላል።

ከቀሩት መካከል የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለ። እንዲያውም በሁለት መልክ ነው ያለው፤ አንዱ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው 5500 ዓመት ተጨምሮ በዓመተ ዓለም። ፋየርፎክስ ይህን ክፍል በሜይ 2025 ለተጠቃሚ አደረሰ፤ ሥራውን በፋየርፎክስ ውስጥ የሠራው አንድሬ ባርጉል የተባለ በጎ ፈቃደኛ ነው። ክሮም በ2026 መጀመሪያ ተከተለ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ክሮም የተጫነበት ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው፣ ወረታ ላይም ቢሆን፣ ጳጉሜንን የሚያውቅ ቋንቋ በኪሱ ይዟል። ፎርሞቹ ናቸው ያልደረሱበት።

ሦስት ቁጥር

ማቅለል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ለማየት የራሳችንን አቆጣጠር ያህል የሚመች ምሳሌ አላውቅም። አሥራ ሁለቱ ወር ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነው። ጳጉሜን አምስት ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ስድስት ትሆናለች። ከዚህ ሌላ ደንብ የለም። አንድ ቀን ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ ያለፉትን ዓመታት በ365 ማባዛት፣ ዓመቱን ለአራት አካፍሎ ቀሪውን ትቶ ድርሻውን መደመር፣ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝቶ መደመር፣ በመጨረሻም ከወሩ ያለፉትን ቀናት መጨመር ይበቃል። ኮዱ አንድ መስመር ነው። የግሪጎርያን አቆጣጠር የፌብርዋሪን ጉድለት፣ የ31ና የ30ን መፈራረቅ፣ የመቶና የአራት መቶ ዓመት ልዩ ደንብ ሁሉ መያዝ አለበት። አይሲዩ የሚባለውና በብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ላይብረሪ የኢትዮጵያንና የግብጽ ቅብጦችን አቆጣጠር በአንድ የጋራ ኮድ ነው የሚያሰላው፤ የሁለቱ ልዩነት የዓመቱ መነሻ ብቻ ነው፣ በ276 ዓመት ይራራቃሉ።

ይህን በፎገራ ሩዝ ላይ እንሞክረው። ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተዘራ ማሳ ኅዳር 21 ቀን 2018 ቢታጨድ ስንት ቀን ቆየ? በቀመሩ ሰኔ 12 ከመነሻው 736,625 ቀን ይርቃል፤ ኅዳር 21 ደግሞ 736,789። ልዩነቱ 164 ቀን ነው። ጳጉሜንን ረስቶ ወሩን ሁሉ በሠላሳ የሚያሰላ ፕሮግራም 159 ይላል። አምስት ቀን ጠፋ። የሩዝ ዝርያ ሲነጻጸር ከዘር እስከ መድረስ የሚወስደው ቀን ከዋና መለኪያዎቹ አንዱ ነው፤ የዚህ ሜዳ ሩዝ ደግሞ ክረምትን ተሻግሮ ስለሚደርስ በየዓመቱ ጳጉሜንን ማቋረጡ አይቀርም። ስህተቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ አይደለም፤ በየማሳው፣ በየዓመቱ የሚደጋገም ነው።

ከቀመሩ ቅለት ጋር አብሮ መነሳት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው። የድጓ ምስክሩ ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክሩ ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚህ ምድር ናቸው። በአብነቱ ትምህርት ውስጥ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫው፣ ደግሞ በእኔ እምነት በዚህ አገር ካሉት የስሌት ሥራዎች ሁሉ ተጨምቆ የተሰናዳው ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ጥቂት መሠረታዊ ስሌቶች አሉት፤ የቀረው ሁሉ ከእነሱ ይወጣል።

2018ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ ዘመነ ማርቆስ። የ7518 ሩብ ድርሻ 1879 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው በ7 ሲካፈሉ 3 ይቀራል። ዜሮ ሰኞ፣ አንድ ማክሰኞ እያሉ ሲቆጥሩ ሦስት ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 7518 በ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ ሆነዋል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመርለት ቁጥር፣ 7 ነው፣ ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 25። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባች። ለትንሣኤ ተውሳኩ 9 ነው፤ 25 ላይ ሲጨመር 34፣ ሠላሳው ተገድፎ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4። ዓቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ስቅለት፣ ርክበ ካህናት፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ፣ ሁሉም እየራሳቸው ተውሳክ አላቸው፤ ከዚያችው መባጃ ሐመር ይወጣሉ።

አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው የሚለው ደንብ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተማሪው ሲያሰላ ተሳስቶ እንደሆነ በዚያው ቦታ፣ መምህሩ ሳይነግረው ያውቃል። በዘመኑ የሶፍትዌር ሙያ ይህ ፈተና የሚባለው ነው፤ እያንዳንዱ ፋንክሽን አብሮት የሚጻፍለት ማረጋገጫ። ባሕረ ሐሳብ በቃል የሚያዝ፣ በጣት የሚሰላ፣ ራሱን የሚያርም ዋና ላይብረሪ ነው። ያለ መጽሐፍና ያለ ወረቀት መንገድ የሚወጣ የቆሎ ተማሪ መሸከም የሚችለው እንዲህ ያለውን ብቻ ስለሆነ ነው የተጨመቀው። ለትንሽ ስልክ የሚጽፉ መሐንዲሶችም በ2024 የደረሱበት ውሳኔ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የሚሸከመው ትንሽ ሲሆን የሚሸከመውን መምረጥ ግድ ይላል።

ማን ውስጥ ቀረ፣ ማን ወጣ

ማቅለል ግን ሁልጊዜ ለእኛ እንዲህ በጎ ሆኖ አልመጣም። ጃቫ አሮጌውን የቀን ላይብረሪ በአዲስ የተካው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሥራውን የመሩት እስቲቨን ኮልቦርን ከዚያ በፊት ባዘጋጁት ጆዳ ታይም በተባለው ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። ወደ ዋናው ጃቫ ሲገባ ግን ከግሪጎርያኑ ጎን የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የሒጅራ። የእኛ «ተጨማሪ» ወደሚባለው የውጭ ላይብረሪ ተሻገረ። የማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት የፋርስ፣ የዕብራውያን፣ የኮሪያ፣ የዩልዮስና ሌሎችም አቆጣጠሮችን ይዞ የኢትዮጵያን አልያዘም። በአገራችን ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩበት ፒኤችፒ ደግሞ በአቆጣጠር ክፍሉ አራት ያውቃል፤ ግሪጎርያን፣ ዩልዮስ፣ የአይሁድ፣ አራተኛው የፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር ነው። ይህ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ከ1793 እስከ 1805 የሠራ፣ ናፖሊዮን የሻረው አቆጣጠር ነው። አሠራሩ አሥራ ሁለት ወር በሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ መጨረሻ ላይ አምስት ወይም ስድስት ትርፍ ቀን ነው። ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው፣ ማንም የማይኖርበት አቆጣጠር ውስጥ ገብቶ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ውጭ ቀርቷል። ፒኤችፒ በአይሲዩ በኩል የኢትዮጵያን ማግኘት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያ ግን ተጨማሪ ክፍል ለሚጭንና መኖሩን ለሚያውቅ ነው።

ውጭ መቅረት ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ዓለም በማርች 2016 አይቶታል። ቃል ላይ ባዶ ቦታ የምትጨምር አሥራ አንድ መስመር ኮድ ነበረች። ጸሐፊዋ ከተቀመጠችበት የጋራ መጋዘን ሲያነሳት በእሷ ላይ የተደገፉ በርካታ ፕሮጀክቶች በአንድ ጊዜ ቆሙ። የወረታ ፕሮግራመር ደግሞ ከዚህ የባሰ አለበት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ከቋንቋው ጋር የመጣ ፋንክሽን ይሠራል፤ ከበይነ መረብ የሚወርደው አይገኝም። ለዚህ ነው አቆጣጠራችን በዋናው ላይብረሪ ውስጥ መሆኑ እንደ ጌጥ መታየት የሌለበት።

በ2024ቱ ውሳኔ የተጎዱም አሉ። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አብረው እያዩ የሚያሰሉት አቆጣጠር፣ የሲዳማ አያንቶዎች ፍቼ ጨምበላላን የሚያውጁበት አቆጣጠር፣ ሁለቱም በስም ከታወቁት ዝርዝር ውስጥ የሉም። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ አንድ የያቤሎ ወይም የሐዋሳ ልጅ ጽፎ ማያያዝ ይችል ነበር። አሁን አይችልም፤ ከቋንቋው ጎን የቆመ የራሱን ላይብረሪ መሥራት አለበት። ውሳኔው በጥቅሉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉ የየራሱን የሚያያይዝበት ላይብረሪ ለማንም አይታመንም። ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው የሚያውቀው ሳይሆን ሕዝብ የሚኖርበት ሊሆን ይገባል።

የእኛም አቆጣጠር ዝርዝሩ ውስጥ የገባው እንዲሁ አይደለም። ዶክተር ብርሃኑ በየነና ዶክተር ማንፍሬድ ኩድሌክ የስሌቱን መንገድ አዘጋጁ፤ ዳንኤል ያዕቆብ በፐርል ቋንቋ የግዕዝ ፊደልንና አቆጣጠርን የሚይዙ ላይብረሪዎችን ጽፎ ለሁሉም በነፃ አቀረበ፤ ፊደሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ የገባው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ድካም ነው። ከየቋንቋው በር ውጭ ቆመው ያንኳኩ ነበሩ።

ቋንቋው የማያውቀው

ውስጥ መግባት ሁሉን አይፈታም፤ እንዲያውም አዲስ ጥያቄ ያመጣል። ለቴምፖራል ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ትክክል ነው። ነሐሴ 30 ላይ አንድ ወር ጨምር ሲባል ግን በተራ ዓመት የሚያወጣው ጳጉሜን 5 ነው። ለማዳበሪያ በነሐሴ 30 የአንድ ወር ብድር የወሰደ ገበሬ በአምስተኛው ቀን ክፈል ይባላል ማለት ነው። ደመወዝም፣ የቤት ኪራይም፣ ብድርም በአገራችን ጳጉሜንን ራሷን የቻለች ወር አያደርጉም። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ይህን ደንብ ራሱ መጻፍ አለበት። ዋናው ላይብረሪ ስለ ሰማዩ እንጂ ስለ ገበያው አያውቅም፤ ባያውቅም ጥሩ ነው፣ እዚያ ድረስ እንዲያውቅ ከተፈለገ ተመልሶ የሚከብድ ይሆናል።

ሰዓቱም ሌላ ነው። ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሁለት ብሎ የሚጀምረው ሰዓታችን በየትኛውም ዋና ላይብረሪ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ስልኩን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ችግሩን ይወጣዋል፤ አንዳንድ ፕሮግራመሮችም በኮዳቸው ያንኑ ያደርጋሉ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ስድስት ሰዓት የተጎተተ ሰዓት ቀኑንም ይጎትታል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ሁሉ በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። በጤና ጣቢያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተወለደ ሕፃን ልደቱ በአንድ ቀን ይቀድማል። ትክክለኛው መንገድ ሰዓቱን ሳይነኩ ሲያሳዩ ብቻ ስድስት መቀነስ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ያሳስበኛል። የዓለም ስልኮችና ኮምፒውተሮች ለየአገሩ ምን ዓይነት አቆጣጠር እንደሚያሳዩ የሚያነቡበት ሲኤልዲአር የተባለ የዩኒኮድ የመረጃ ስብስብ አለ። በዚያ ውስጥ ለኢትዮጵያ የተጻፈው ቅደም ተከተል ግሪጎርያን መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራመር ምንም ሳይል «ለኢትዮጵያ አሳይ» ቢል የሚያገኘው የፈረንጁን ነው። በስም ጠርቶ ካላዘዘ ጳጉሜን አትመጣም።

በአገር ውስጥ በጎ ሥራ የለም ማለት አይደለም። የፋይዳ ካርድ የልደት ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ያትማል። የጤናው ዘርፍ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2፣ መነሻው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ሁለቱም የሚያሳዩት ችግሩ የችሎታ አለመሆኑን ነው።

ስለዚህ ፕሮግራም ለሚጽፉ፣ በተለይ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩና ለሚማሩ የምለው አለኝ። የቀን መቀየሪያ ኮድ ከመንገድ ላይ እየለቀማችሁ አትለጥፉ፤ ዋናው ላይብረሪ ያውቀዋል፣ በስሙ ጥሩት። የወር ሣጥን ስትሠሩ አሥራ ሦስት አድርጉት። የጃቫስክሪፕት መፈተኛዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ለማንም ክፍት ናቸው፤ ጳጉሜንን፣ ዘመነ ሉቃስን፣ ከነሐሴ 30 መሻገርን የሚፈትኑ ጥያቄዎች ከእናንተ በተሻለ ማንም ሊጽፍ አይችልም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መምህራን በአጠገባችሁ አሉ፤ የሚወጣውን መልስ አሳዩአቸው፣ ያርሙላችሁ። የሲኤልዲአርን ቅደም ተከተል ለማስለወጥም ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ የሚያቀርብ አገር ካለ።

የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ደግሞ በማግሥቱ እሑድ፣ ሴፕቴምበር 12። ፕሮግራማችሁ ከዛሬ ጀምሮ ይህን በትክክል ይመልስ እንደሆነ ጠይቁት።